የዕቅድ ውይይት፦ ወላጆች በክፍል ውስጥ አጋዥ እንዲሆኑ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ ወላጆች። ለርዕሰ መምህሩ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ፈቃደኛ ወላጆች በየሳምንቱ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል እየገቡ መምህራንን ያግዛሉ። በተለይም በትምህርት ወደኋላ የቀሩ ልጆች ጎን ተቀምጠው ይረዷቸዋል።» የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ አሁኑኑ በሉ።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
እኔ እደግፋለሁ። መምህርቷ አንድ፣ ልጆቹ ብዙ። ዋናዋ ደግሞ ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ነች። ጎበዙ እንደምንም ራሱን ይችላል። ደከም ላለው ልጅ ግን ጎኑ ሰው ይቀመጥለት።

መምህርት፣ የማኅበሩ አባል፦
ወላጆች፣ ክፍሌ ድረስ ልትመጡልኝ ማሰባችሁ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ግን ትቀየር ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በእንግሊዝና በዌልስ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 በፒተር ብላችፎርድ የተመራ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከክፍል ረዳት ብዙ እገዛ ያገኙ ልጆች፣ ትንሽ ካገኙት ያነሰ መሻሻል አሳዩ። «ድሮም ደካማ ስለነበሩ ይሆናላ» እንዳንል፣ አጥኚዎቹ የልጆቹን የቀድሞ ውጤትና የልዩ ፍላጎት ሁኔታ ከግምት አስገብተዋል። ረዳቶቹም ሰነፎች አልነበሩም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ረዳት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሰው አለው ተብሎ መምህሩ እዚያ የሚያሳልፈው ጊዜ ይቀንሳል። ረዳቱ ደግሞ ስለ ዕለቱ ትምህርት አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ይጣደፋል፣ መልሱንም ይናገራል። ደብተሩ ይሞላል፣ ልጁ ግን እዚያው ነው።

እርግጥ ጥናቱ ደመወዝ ስለሚከፈላቸው ረዳቶች ነው። በሳምንት አንዴ ብቅ ለሚል ወላጅ ግን ነገሩ የሚቀል አይመስለኝም። የእኔ ልመና ይሄ ነው፦ በጣም የተቸገረው ልጅ ጋ እኔ ልቀመጥ። እናንተ ሌሎቹን ያዙልኝ።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ገባኝ መምህርት፣ እስማማለሁ። ግን ሌሎቹን መያዝ ሲባል ምን ማለት ነው? እኔ ማስተማር አልተማርኩም። «ዝም በሉ፣ ተቀመጡ» እያልኩ ልቆም እንዳይሆን።

መምህርት፦
ሥርዓት ማስከበሩ የእኔ ሥራ ነው፣ እሱን አያስቡ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ልጅ ሲያነብ እንዲሰሙልኝ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ወደ እርስዎ ይመጣሉ፣ ጥቂት ጥቂት ያነባሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ ብቻዬን ሆኜ ሁሉንም በሳምንት አንዴ እንኳ ለብቻ መስማት አይሆንልኝም።

የ1ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ማዳመጥም ዘዴ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዚላንድ ለወላጆችና ለፈቃደኞች የተዘጋጀ አሠራር አለ። ቆም ማለት፣ ፍንጭ መስጠት፣ ማመስገን የሚባሉ ሦስት ነገሮች ናቸው። ልጁ ሲሳሳት 5 ሰከንድ ያህል ዝም ትላላችሁ።

ለምሳሌ መጽሐፉ «ዶሮዋ ጫጩቶቿን ሰበሰበች» ይላል እንበል። ልጁ «ዶሮዋ ጫማዎቿን» ብሎ አነበበ። አፋችን ላይ «ጫጩቶቿን!» የሚለው ይመጣል። እንዋጠው። ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ግራ ይገባዋል፣ ጣቱን መልሶ ቃሉ ላይ ያደርጋል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ያርመዋል። ዝም ካለ «ዶሮ የምትሰበስበው ምንድን ነው?» ብለን ፍንጭ እንሰጠዋለን። ያ ካልሠራ ቃሉን እንነግረውና እንቀጥላለን። ሲያርመው ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም። «ተመልሰህ አይተህ አረምከው፣ ጎበዝ» ነው የሚባለው። ያኔ ምኑ እንደተመሰገነ ያውቀዋል።

መምህርት፦
እናቴ፣ በትክክል አስቀመጥሽው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ራሳቸው ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ረዘም ይላል፣ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። ለእኛ ለመምህራንም ከባድ ነው። እና ወላጅ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይሄን አንዴ በተግባር ብንለማመደው እላለሁ።

የ3ኛ ክፍል ተማሪ አያት፦
ልጆቼ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ማንበብ እንደ ድሮው አይሆንልኝም። ተረት ግን አውቃለሁ። ለእኔ የሚሆን ቦታ አለ ወይ?

መምህርት፦
ኧረ እማማ፣ እንዴት አይኖርም! ተረቱን ይንገሯቸው፣ እነሱ ደግሞ መልሰው ለእርስዎ ይናገሩ። በኋላ እኔ አጽፋቸዋለሁ። መጻፍ የሚያቅተው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ነገር የጠፋው ነው። ባይሆን የቦታውን ነገር ለእኔ ይተዉት፣ ከሰሌዳው አጠገብ ምቹ ወንበር አዘጋጃለሁ።

ማታ የሚሠራ አባት፦
እኔ ቀን እተኛለሁ፣ መግባት አልችልም። የፊደል ካርድ መቁረጥ፣ የተቀደደ መጽሐፍ መለጠፍ፣ እንዲህ ያለ ካለ ለልጄ ስጡትና ቤት እሠራዋለሁ። ይሄም እንደ አገልግሎት ይቆጠር። አለበለዚያ ማኅበሩ ቀን ነፃ የሆኑ ሰዎች ብቻ ይሆናል።

ጸሐፊ፦
ይቆጠራል። ረቂቁ ላይ ይገባል።

የ4ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
እስካሁን ያልተነሳ ከባድ ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ስንቀመጥ የሌላ ሰው ልጅ ማንበብ ሲያቅተው እናያለን፣ ሲያለቅስም እናያለን። ያ ነገር በር ላይ ወሬ ከሆነ የልጁንም የእናቱንም አንገት ያስደፋል። ያየነው እዚያው ይቅር። የሚያሳስብ ነገር ካየን ለመምህርቷ ብቻ እንንገር። ልጅ ጉዳት እየደረሰበት እንደሆነ ከጠረጠርን ግን ዝም ማለት የለም፣ በዚያው ዕለት ለመምህርቷ ወይም ለርዕሰ መምህሩ። ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ፎቶ የሚባል ነገር አይነሳ። ማንም ወላጅ ከልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይሁን፣ መጸዳጃ ቤትም አይውሰድ። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን ማጣራትም ሁላችንም እናልፍ፣ ሊቀመንበሩም ጭምር። ይሄ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ልክ ነሽ እህቴ። እኔም እፈርምበታለሁ። ግን በገዛ ልጄ ክፍል መግባት እችላለሁ?

የ1ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ባይሆን ይሻላል። የእኔዋ እኔን ካየች ጉልበቴ ላይ ናት፣ ትምህርቱም አለቀ።

የ4ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
የእኔ ደግሞ ደስ ብሎት ነው የሚውለው። ልጅ ከልጅ ይለያያል፣ አንድ ሕግ አናውጣ።

መምህርት፦
ለየክፍሉ መምህር ይተው። ቢያንስ ግን የራስ ልጅ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ሌላው ደግሞ ቀጠሮ ነው። አንድ ቀን ሙሉ መጥቶ ከሚጠፋ ወላጅ፣ በየሳምንቱ በዚያው ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ የሚመጣ ይበልጥብኛል። «ዛሬ የእማዬ ቀን ነው» ብለው መጽሐፋቸውን መርጠው ይጠብቃሉ። ሲቀር ልባቸው ይሰበራል። መቅረት ካለ በዋዜማው ይነገረኝ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የተስተካከለው እንዲህ ሆኗል፦

«ፈቃደኛ ወላጆችና አያቶች በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ክፍል ገብተው ልጆች ሲያነቡ ያዳምጣሉ፣ ተረት ይነግራሉ። ይህም መምህሩ ይበልጥ እገዛ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋር ራሱ እንዲቀመጥ ጊዜ ለመስጠት ነው። መምህሩ የዕለቱን ሥራ በአጭር ወረቀት ጽፎ ለአጋዡ ይሰጣል። አጋዡ ውጤት አይሰጥም፣ አይቀጣም፣ ያየውን ውጭ አያወራም። የልጆች ደህንነትን የሚመለከቱት ነጥቦች በአባሪ ተያይዘዋል፣ ሁሉም አጋዥ ይፈርምባቸዋል። መምጣት የማይችሉ ወላጆች ቤት ሆነው የማስተማሪያ ቁሳቁስ ያዘጋጃሉ። በራስ ልጅ ክፍል መግባት በመምህሩ ፈቃድ ይሆናል። አጋዥ የማይፈልግ መምህር አይገደድም። አሠራሩ በሁለት ክፍሎች ለአንድ መንፈቀ ዓመት ይሞከራል፣ ከዚያም መምህራኑና ልጆቹ ይጠየቃሉ።»

የ4ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
«ልጆቹ ይጠየቃሉ» የሚለውን ወድጄዋለሁ። አባሪውን እኔ እጽፈዋለሁ።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
እፈርማለሁ። የማዳመጡን ልምምድ ግን ማን ያሳየናል?

መምህርት፦
እኔና የ1ኛ ክፍሏ እናት እናሳያለን። የልጆቻችሁን የንባብ መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ።