ጃ ሻካ ማነው? ሳውንድ ሲስተምስ ከዲጄ በምን ይለያል?

አራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሬጌ በካሴት ዘመን ፒያሳ ነው የለመድኩት። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ ጃ ሻካ ሲያወራ ዋለ። ዘፋኝ ነው እንዴ?

የካዛንቺሱ፦
ዘፋኝ አይደለም፣ የሳውንድ ሲስተም (ስፒከሩንና ሸክላውን ይዞ ሙዚቃ የሚያጫውት ቡድን) ባለቤት ነበር፣ ወንድሜ። ነገሩ የጀመረው ጃማይካ፣ ኪንግስተን ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ትልልቅ ስፒከር እየደረደሩ ሰፈሩን ያስጨፍሩ ነበር። የጃማይካ ስደተኞች ወደ እንግሊዝ ይዘውት ሄዱ። ሻካም በ1970ዎቹ ደቡብ ለንደን ላይ የራሱን ሲስተም ይዞ ብቅ አለ። ስሙን የወሰደው ከዙሉው ንጉሥ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ከተለመደው ዲጄ የሚለየው አሠራሩ ነው። የሸክላ ማጫወቻው አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ሸክላ አልቆ ሌላው እስኪቀየር ሕዝቡ ይጠብቅ ነበር። ማይኩን ይዞ ይሰብክ፣ ሳይረን ያስጮህ፣ ቤዙን ቆርጦ እንደገና ይለቀው ነበር። እንዲህ እያለ ያነጋ ነበር። ሚያዝያ 2023 እስኪያርፍ ድረስ ከመስመሩ አልወጣም። ፋሽን ሲቀየር አብሮ ያልተቀየረ ሰው አከብራለሁ!

ሜክሲኮ፦
ራስታ ነበር እኮ። ጃንሆይ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ጃማይካ ሲገቡ ኤርፖርቱን የሞላው ሕዝብ እምነት ነው በዚያ ስፒከር የሚሰማው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) መስቀል አደባባይ የቦብ ማርሊ 60ኛ ልደት ሲከበር የነበረ ሰው ይገባዋል።

አራት ኪሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በስልኬ ልሞክረው?

የካዛንቺሱ፦
በስልክ ቤዙ አይሰማም። ጥሩ ስፒከር ያለው ሰው ፈልግ፣ ጎረቤትም አስፈቅድ።