ታኩር ጋባርን መግደል ነበረበት? የ«ሾላይ» ሁለት መጨረሻዎች

ጥያቄ አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የህንዱ «ሾላይ» ሁለት መጨረሻ አለው። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ በቀረጸው፣ ሽፍታው ጋባር ሁለት እጁን የቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ ታኩር፣ ምስማር በተመታበት ጫማ ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱር ይህንን ስለከለከለ፣ ፖሊስ ደርሶ ሲያስቆመው እንደገና ተቀረጸ። በ2025 ቦሎኛ፣ ጣሊያን የታየው የታደሰ ቅጂ ግን የመጀመሪያውን መልሷል። እውነተኛው የትኛው ነው?

ደም መላሽ፦ ይህም ያጠያይቃል? ታኩር የደረበው ሻል ወድቆ ባዶ እጅጌው ሲታይ ፊልሙ በቀል ቃል ገብቶልናል። የኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሰኔ ታወጀ፣ ፊልሙ በነሐሴ ወጣ። ፖሊሱን ያመጣው ታሪኩ አይደለም፤ ዘመኑ ነው።

የሕግ ሰው፦ ታኩርም እኮ ፖሊስ ነበር! ሕግ ያስከበረ ሰው መጨረሻ ላይ ለሕግ ቢገዛ ምን ያስነውራል? ደግሞም በቦምቤው ሚኔርቫ ሲኒማ 5 ዓመት የታየውና ሕዝቡ የወደደው ይኸው ነው።

ማሾ፦ ተዋናይቷ ጃያ ባዱሪ መብራት የምታጠፋበትን ትዕይንት አስታውሱ። ሲፒና የካሜራ ባለሙያው ድዋርካ ዲቬቻ የፈለጉት የምሽት ብርሃን በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ፣ ፊልሙ በተቀረጸበት ራማናጋራ ለብዙ ቀናት ሲጠብቁት ከረሙ። ለአንዲት መብራት እንዲህ የተጨነቀ ሰው መደምደሚያውን ለፖሊስ በፈቃዱ ይሰጣል?

የሕግ ሰው፦ የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉ ይከበር ካልን የጋባርንም ሚና ለዳኒ ዴንዞንግፓ እንመልስለት! መጀመሪያ የታጨው እርሱ ነበር፤ ለሌላ ፊልም አፍጋኒስታን ስለሄደ አምጃድ ካን ገባ። ጸሐፊዎቹ ሳሊምና ጃቬድ ድምፁን ተጠራጥረውት ነበር፤ ዛሬ ያለ እርሱ ድምፅ ጋባርን የሚያስብ አለ?

ደም መላሽ፦ ዳኒን ያስቀረው የሥራ ውል እንጂ የመንግሥት መቀስ አይደለም። አጋጣሚንና ግዳጅን አታምታታ። ደግሞ የመጀመሪያውን መጨረሻ እስኪ ልብ ብለህ እየው፤ ታኩር ጋባርን ከገደለ በኋላ ተሰብሮ ያለቅሳል። ሳንሱር በቀልን ከለከልኩ ብሎ የቆረጠው ጸጸቱን ነው።

የሕግ ሰው፦ እንባው ይነካል፣ አልክድም። ቢሆንም የ1975ቱ ቅጂ ከሲኒማ ቤት ይውጣ ማለት ሌላ ሳንሱር ነው።

ማሾ፦ ይውጣ ያለ የለም። ፖስተሩ ላይ የትኛው መጨረሻ እንደሆነ ይጻፍ፤ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ይምረጥ።