ከሰል ያደለው ሌባ፦ የአትላንቲክ ሲቲው ጌታ ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል?

አቅራቢው፦
የዛሬው ክርክራችን ስለ ኢኖክ ጆንሰን ነው። ሰው የሚያውቀው «ነኪ» በሚለው ስሙ ነው። በኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ ያለችውን የመዝናኛ ከተማ፣ አትላንቲክ ሲቲን፣ ሠላሳ ዓመት ያህል እንደፈለገ ያዘዘባት ሰው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው።

በ1908፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ አባቱ ይዞት የነበረውን የሸሪፍነት፣ ማለትም የአውራጃውን የፖሊስ አለቃነት፣ ሥልጣን ያዘ። ከሱ በፊት የከተማዋ ጌታ ሉዊስ ኪውንሊ ነበር። ኪውንሊ በውኃ ኮሚሽኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ እሱ ራሱ ድርሻ ላለው ኩባንያ ሥራ ሲሰጥ ተያዘና ተፈረደበት። ቦታው ለጆንሰን ቀረ።

በወረቀት ላይ የካውንቲው፣ ማለትም የአውራጃው፣ ገንዘብ ያዥ ነው። ደመወዙ በዓመት 6,000 ዶላር። መኖሪያው ግን የሪትዝ ካርልተን ሆቴል ዘጠነኛ ፎቅ፣ ፎቁን እንዳለ ይዞት። ኮቱ ላይ በየቀኑ ትኩስ ቀይ አበባ ይሰካል። ለድሃው ደግሞ ከሰልና ምግብ ያድላል። ታዲያ ይህ ሰው ለከተማው ድሃ ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል?

የሆቴል ሠራተኛው፦
ጠቅሟል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። እኔ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ዓመት አስተናጋጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲጠፋ «ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ተብዬ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ልጄ የስድስት ወር ነበረች።

የያኔዋ አትላንቲክ ሲቲም እንደዚያ ነበረች። በበጋ ሰው ይጎርፍላታል። ብርዱ ሲገባ ሆቴሉ ይዘጋል። ሻንጣ ተሸካሚው፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ሳህን አጣቢው ሥራ ይፈታሉ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፣ የሚኖሩትም ኖርዝሳይድ በሚባለው ሰፈር ተገፍተው ነው። ያኔ በራቸው ድረስ ከሰል ያመጣላቸው ማን ነው? ጆንሰን ነው። ሕግ አክባሪ የተባሉት ሀብታሞች የት ነበሩ? ልጁ በብርድ የምትንቀጠቀጥበት ሰው «ከሰሉ ከየት መጣ» ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሥራህ ያልከው ልቤን ነክቶታል። ግን ከሰሉ በነጻ አልመጣም። ዋጋው ድምፅ ነበር። የሰፈሩ የፓርቲ ሰው ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን እንደታመመ ያውቃል። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ያ ቤተሰብ ለማን መምረጥ እንዳለበት ያውቃል። የጆንሰን ፓርቲ ሪፐብሊካን ነው፣ ሸሪፉም ዳኛውም የሚሾመው በሱ ፈቃድ ነው። አንድ የሆቴል አለቃ ሲበድልህ ለማን ትከሳለህ?

ደግሞ የመጠጥ ክልከላውን አስታውሱ። ከ1920 እስከ 1933 በመላ አሜሪካ አልኮል መሸጥ ወንጀል ነበር። እዚያ ግን በግልጽ ይቀዳል፣ ከእያንዳንዱም ለጆንሰን ድርሻ ይገባል። በግንቦት 1929 አል ካፖንና ሌሎች የወንበዴ አለቆች እዚያው ከተማ ተሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ እንኳ አልነካቸውም። ጆንሰን ራሱ ሳያፍር ይናገር ነበር፦ ውስኪውም ቁማሩም አለ፣ ብዙኃኑ ባይፈልገው ትርፍ አይኖረውም ይል ነበር።

የሆቴል ሠራተኛው፦
መምህር፣ በዚህስ ተሳሳተ? ጎብኚው የመጣው ለዚያው ነው። ጎብኚው ባይመጣ አስተናጋጁ ምን ይበላል? ድምፅ ስጡ መባላቸውንም አልክድም። ሌላው ፓርቲ ግን ድምፃቸውን ሊጠይቅ እንኳ በራቸውን አላንኳኳም።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦
እኔ የማየው ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ነው። ጆንሰን የተፈረደበት በምንድን ነው? በግብር። በ1935፣ በ1936 እና በ1937 ከቁጥር ቁማር አዟሪዎች የተቀበለውን ወደ 125,000 ዶላር አላሳወቀም ተብሎ ነው። በ1941 አሥር ዓመት እስርና 20,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት።

አሁን ይህ ቁማር ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ሦስት አሃዝ ትመርጣለህ፣ ሳንቲም ታስይዛለህ፣ ነገ ይወጣልኛል ብለህ ታድራለህ። ሀብታም አይጫወተውም። የሚጫወተው ያው ሳህን አጣቢው ነው፣ ያችው አልጋ አንጣፊዋ ናት። በየቀኑ አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲም። አዟሪው ይሰበስባል፣ ከፍ ላለው ያስረክባል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ ዘጠነኛው ፎቅ ይወጣል። ከዚያ ላይ ትንሽ ተቆንጥሮ በብርዱ ወር ከሰል ሆኖ ይመለሳል። ወንድሜ፣ ያ ከሰል የነሱ የራሳቸው ሳንቲም ነው። የራሳቸውን ገንዘብ ሰጥቷቸው አመሰገኑት፣ ድምፃቸውንም ጨመሩለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የሆቴል ሠራተኛው፦
እህቴ፣ ይህን እንዲህ አስቤው አላውቅም። የኔም እናት ሎተሪ አዟሪ ባየች ቁጥር ሳንቲም ታወጣ ነበር፣ ስለዚህ ገብቶኛል። «ጠቅሟል» ያልኩትን አነሣለሁ። አንድ ነገር ግን መልሱልኝ። እሱ ታስሮ ከተማዋ ጸዳች?

መምህሩ፦
አልጸዳችም። ጆንሰን አራት ዓመት ታስሮ በ1945 ወጣ፣ ድሃ ነኝ ብሎ ምሎ ቅጣቱን ሳይከፍል ቀረ፣ በ1968 ሞተ። ወንበሩን ፍራንክ ፋርሊ የተባለ የግዛቱ ሴናተር ወረሰው። ፋርሊ በምርጫ የተሸነፈው በ1971 ነው። በ1941 እናቱ ከሰል የተቀበለችለት ሕፃን፣ በ1971 ራሱ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር።