ስድስት ሳምንት ስፓኒሽ ተምሮ ሰው ቤት መግባት ይቻላል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከሥራ ቦታዬ የመጣ ነው። የባልደረባዬ ልጅ 18 ዓመቱ ነው። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባል ነው፤ ብዙዎቻችን ሞርሞን የምንላቸው ማለት ነው። ዩታ፣ ፕሮቮ ባለው ማሠልጠኛ ስድስት ሳምንት ያህል ስፓኒሽ ተማረና ቴክሳስ ውስጥ ወዳለ የስፓኒሽ አጥቢያ ሚስዮናዊ ሆኖ ተላከ። በመጀመሪያው እሑድ አስነሥተው ምስክርነት ስጥ አሉት። ያጠናውን አነብንቦ ተቀመጠ። በዚያው ሳምንት ባሏ ከአሜሪካ የተባረረባት ሴት ቤት ሄዱ። እሷ እያለቀሰች ታወራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ግማሹ እንኳ አልገባውም። ይሄ አገልግሎት ነው ወይስ በሰው ችግር ላይ ቋንቋ መለማመድ?

የሂዩስተኗ ነርስ፦ መለማመድ ነው፣ አለቀ። እዚህ አገር የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ትንሽ ትንሽ ስፓኒሽ የምትሞክር ነርስ አይበቃም። ለደም ግፊት ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ባሏ ለተባረረባት ሴት ሲሆን ለምን «ልጁ ይለምደዋል» እንላለን?

ቤቲ ዳላስ፦ እህቴ፣ ሆስፒታልና ቤተ ክርስቲያን አንድ አይደሉም። ልጁ ብቻውን አይደለም። ሁሌም ከሌላ ሚስዮናዊ ጓደኛ ጋር ነው የሚንቀሳቀሱት፣ የመጀመሪያው ጓደኛ ደግሞ አሠልጣኙ ነው። ደሞዝ የለውም፤ እንዲያውም የአሜሪካ ወጣቶች ከራሳቸው ወይም ከቤተሰባቸው በወር 500 ዶላር ያህል ይከፍላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። እነዚያ ሆንዱራሳውያንና ሜክሲኳውያን እናቶች በሥራ ቦታቸው ሁሌ የሚታረሙት እነሱ ናቸው። እሑድ ግን ፈረንጁን ልጅ የሚያርሙት፣ የሚያበሉት፣ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ይሄን ክብር እንደ ቀላል አትዩት።

ዲያቆን ከሜሪላንድ፦ ቤቲ፣ ነገሩን ወደ ራሳችን አምጪው። ስድስት ሳምንት አማርኛ የተማረ የ18 ዓመት ልጅ መጥቶ እናትሽን ልምከር ቢል ታስገቢዋለሽ? 😂

ቤቲ ዳላስ፦ እማዬማ እንጀራ ሳታበላው አትለቀውም። ምክሩን ግን እሷው ትሰጠዋለች። ደግሞ ማወዳደሩ አይሆንም። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለስፓኒሽ 30 ሳምንት ያህል፣ ለአማርኛ 44 ሳምንት ነው የሚመድበው።

የሂዩስተኗ ነርስ፦ ለኔ መሰከርሽልኝ እኮ! 30 ሳምንት የሚፈልገውን በስድስት። ያውም ዲፕሎማቱ ቪዛ ነው የሚመታው።

የድሮ መምህር፦ ልጆች፣ ይህ ክርክር ለኛም አዲስ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ክፍትና ዝግ አካባቢ ብሎ ከፈለ። ሚስዮናውያኑ ሁሉ አማርኛ እንዲማሩም አዘዘ። የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው በመጀመሪያው ደረጃ፣ በቃል ለማስተማር ብቻ ነበር። ስለዚህ ወላይታ ወይም ሲዳማ የገባ ፈረንጅ ከፊቱ ያለው ሰው የሚናገረውን ሳይሆን መንግሥት የመረጠለትን እንዲማር ይጠበቅበት ነበር። ያ ልጅ ቢያንስ የሰዎቹን ቋንቋ እየተማረ ነው። ቢንተባተብም አቅጣጫው ልክ ነው እላለሁ።

ዲያቆን ከሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ ወላይታን ካነሱ ዘንዳ ሙሉውን ይንገሩን። ጣሊያን ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለውን የፕሮቴስታንት ሚስዮን ሰዎች ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ፣ በራሳቸው ዘገባ፣ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። ማን አስተማራቸው? የአገሬው ሰው በገዛ ቋንቋው። እኔ የልጁን ቅንነት አልጠራጠርም። ግን አጥቢያው ውስጥ ስፓኒሽ አፉን የፈታበት ሰው ሞልቶ፣ አጽናኝ ተብሎ ከፕሮቮ የሚላክበት ምክንያት አይገባኝም።

ቤቲ ዳላስ፦ ምክንያቱማ ግልጽ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሁለት ሥራ ይሠራል። ማክሰኞ ከሰዓት ቤት ለቤት የሚዞር ጊዜ ያለው ማነው? ቅዳሜ ዕቃ የሚያጓጉዝ፣ ወንበር የሚደረድር፣ ለልጆቹ እንግሊዝኛ የቤት ሥራ የሚያግዝስ? የኛ ቤተ ክርስቲያን ወጣት አጣሁ እያለች ታለቅሳለች፣ እነሱ በ2012 እ.ኤ.አ. የወንዶቹን ዕድሜ ከ19 ወደ 18፣ የሴቶቹን ከ21 ወደ 19 አውርደው ልጆቻቸውን ያሰማራሉ።

አወያይ፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። እናቱ በሳምንት አንዴ ይደውልላታል፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለተፈቀደ። የነገራት ደስታው ሁሉ ዕቃ ሲያጓጉዙ የዋለበት ቀን ነበር አለችኝ። ማስተማሩ ነው ያስጨነቀው።

የሂዩስተኗ ነርስ፦ እንግዲያው እንስማማ። ወንበር ይደርድር፣ ዕቃ ያጓጉዝ፣ የቤት ሥራ ያግዝ። ፍቺ፣ ዕዳ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት ያለበት ቤት ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት አይግባ። ከገባም የአጥቢያው ሰው አብሮ ይሁን።

ቤቲ ዳላስ፦ አሠልጣኙ አብሮት አለ አልኩሽ እኮ።

የሂዩስተኗ ነርስ፦ አሠልጣኙ ስንት ዓመቱ ነው?

አወያይ፦ ሃያ። 🙈