ለኮርስ ብስክሌት በተመጣጣኝ ዋጋ ምትክ ቸርኬ፦ ለአዲስ አበባ ብስክሌተኞች የቀረበ ጥቆማ

የኮርስ (የእሽቅድምድም) ብስክሌት ቸርኬ ሲጣመም ወይም ፍሬኑ የሚይዘው ጎኑ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ብዙዎች በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ የክብደት ነው። በአዲስ አበባ ለሚነዳና ገንዘቡን ቆጥቦ ለሚያወጣ ሰው ግን ከክብደቱ በፊት «ሽቦው ቢበጠስ እዚሁ የሚተካልኝ አገኛለሁ ወይ?» የሚለው ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። በርካሽ የተገዛው ቸርኬ ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚገኝ ሽቦ የሚፈልግ ከሆነ፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ብስክሌቱ ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

ከምርጫው በፊት ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬዎቹ የኮርስ ብስክሌቶች 700ሲ የሚባለውን፣ በጎማው ላይ 622 ተብሎ የሚታተመውን ልክ ይጠቀማሉ፤ በአንዳንድ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 27 ኢንች ግን 630 ስለሆነ፣ በዓይን ቢመሳሰሉም የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። የኋላ ሞዞው (ሽቦዎቹ የሚሰኩበትና አክሱ የሚያልፍበት የቸርኬው እምብርት) ስፋት ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ 130 ሚሊሜትር፣ በዲስክ ፍሬን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 142 ነው። ለባለ 11 ማርሽ ካሴት (ከኋላ የሚገጠመው የጥርሶች ስብስብ) የተሠራ፣ ሺማኖ ከተባለው ፋብሪካ የመጣ ሞዞ ማስተካከያ ቀለበት ከተጨመረለት የባለ 8፣ 9 እና 10ንም ካሴት ይቀበላል።

የመጀመሪያው ጥቆማዬ፣ ሞዞው ደህና ከሆነ ቸርኬውንና ሽቦውን ብቻ ማስቀየር ነው። ባለ 32 የሽቦ ቀዳዳ የሺማኖ «ቲያግራ» ወይም «105» የተባለ ሞዞ ያለው ሰው፣ እንደ ዲቲ ስዊስ አር460 ያለ ባለ 32 ቀዳዳ ቸርኬና ጫፉ የታጠፈ ተራ ሽቦ ካገኘ፣ ለዓመታት የሚጠገን ዕቃ ይኖረዋል። የሺማኖ ሞዞ ውስጡ ልቅ ኳሶች ስላሉት፣ ተፈትቶ ታጥቦና አዲስ ግሪስ ተቀብቶ መልሶ ሊገጠም ይችላል፤ ይህንንም የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉን። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የሚሠራው ሰው እጅ ነው። ጥሩ ባለሙያ ቸርኬው ግራና ቀኝ መወላገዱን ካቀና በኋላ ሥራውን አያቆምም፤ ክብነቱንና መካከል ላይ መቀመጡን ያያል፣ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በእጁ እየጨመቀ ቦታቸውን እንዲይዙ ያደርጋል፣ ከዚያም ደግሞ ያቀናል። ይህን ሲያደርግ ካላያችሁት ሥራውን ለሌላ ስጡ።

ሙሉውን ተሠርቶ ያለቀ መግዛት ለሚፈልግ፣ የሺማኖ አርኤስ100 ከፊት 20፣ ከኋላ 24 ሽቦ ያለው፣ ጥንዱ ወደ 1,900 ግራም የሚመዝን፣ የማያሳፍር ዕቃ ነው። የማቪክ አክሲዩምም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጫፉ ያልታጠፈ፣ ጠፍጣፋ የራሱ ሽቦ ስላለው፣ ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ሽቦ አብሮ እንዲመጣ አድርጉ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ የምታስልኩም፣ ቸርኬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከ63 ሳንቲሜትር ስለሚበልጥ በተለመደው ሻንጣ እንደማይገባና እንደ አንድ ራሱን የቻለ ጓዝ እንደሚቆጠር ቀድማችሁ ንገሩት።

ያገለገለ ዕቃ መርካቶ ውስጥ ሲገኝ መናቅ አይገባም፤ ያለ ምርመራ ግን አይገዛም። ፍሬኑ በሚይዘው ጎን ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ በሥሩ ብርሃን ካለፈ፣ ጎኑ ጎድጉዷልና ተዉት። በክረምት የከተማችን ጭቃ በፍሬን ላስቲክና በቸርኬ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ስለሚሞርድ፣ ይህ ችግር እኛ ዘንድ ቶሎ ይደርሳል። በሽቦ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩንም በደማቅ ብርሃን እዩ። አክሱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት አሸዋ ያለበት ያህል ከሻከረ፣ ኳሶቹ ወይም መቀመጫቸው ተበልተዋል ማለት ነው፤ ኳስ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል፣ የሞዞው መቀመጫ ግን አይቀየርም።

ስም የሌለውን ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ቸርኬውን ለሚይዝ ፍሬን አልመክርም። ከእንጦጦ ወደ ታች ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ክፉኛ ያግላል፤ ካርቦኑን የሚያጣብቀው ሙጫ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ ቸርኬውም ቅርጹን ሊያጣ ወይም ጎማው ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ሐሳቤን አልቀይርም።

አዲሱን ቸርኬ ከመግጠማችሁ በፊት የፍሬን ላስቲኮቹን አውጥታችሁ እዩ። ከአሮጌው ቸርኬ የተፋቁ የአሉሚኒየም ፍንጣሪዎች ላስቲኩ ውስጥ ተሰክተው ስለሚቀሩ፣ በመርፌ ልቀሟቸው፤ ካልሆነም ላስቲኩን አብራችሁ ቀይሩት፤ አለዚያ አዲሱን ጎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቧጥጡታል።