ርዕዮተ ዓለም ሲቀየር የውጭ ኩባንያ ምን ይገጥመዋል?

ጥያቄ፦ የመንግሥት ርዕዮተ ዓለም የዓለም አቀፍ ኩባንያን ሥራ በተግባር የሚነካው በየት በኩል ነው? ከአገራችን ምሳሌ ያላችሁ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ በባለቤትነት ነው። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ ነበር። ደርግ ሶሻሊዝምን አውጆ በጥር 1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስና በሌሎች 29 አብላጫውን ድርሻ ሲይዝ ወንጂም አብሮ ሄደ። አገዳና ወፍጮ ተነቅሎ አይሄድም፤ እንዲህ ያለ ኩባንያ በቀላሉ የሚያዘው ለዚህ ነው።

መልስ 2፦ እሱ የድሮው መንገድ ነው። አሁን ሥራው ያለው ፈቃዱ ላይ ነው። ኢሕአዴግ «ልማታዊ መንግሥት» ብሎ ቴሌንና ባንክን ለውጭ ዘግቶ ኖረ። በሩ ሲከፈት በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2021 እ.ኤ.አ. ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ የሞባይል ገንዘብ ግን አልተካተተም ነበር። የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ የገባው በ2023 ነው። ውል ስታነብ ያልተጻፈውንም ፈልግ።

መልስ 3፦ ምንዛሪውን አትርሱ እንጂ! ገቢው በብር፣ የመሣሪያ ዕዳው በዶላር የሆነ ኩባንያ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቅቆ ብር ሲዳከም ምንም ሳይበደር ዕዳው በብር ሲሰላ አበጠ።