ኪት እንግዛ ወይስ ማይክሮስኮፕ እናስመጣ? ለጤና ጣቢያው የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦ ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች። እሁድ ዕድር ላይ ስለ ሆድ ትል የተነሳው ነገር በጽሑፍ ይውጣ ተብሏል። ለቱሉ ዲምቱ ብሎኮቻችን አንድ ላይ ነው የምናስገባው። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦ «ማኅበሩ ቤት ውስጥ የሚሠራ የሰገራ መመርመሪያ ኪት በጋራ ይግዛ። ለዚህም በቤት 200 ብር ይዋጣ።» ሐሳባችሁን እዚሁ ቡድን ላይ ጻፉ። አውራ ጣት መለጠፍ ብቻ አይቆጠርም።

ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ የኪቱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሆዱን ታመመ። አንዴ አሜባ ነው አሉን። አንዴ ጃርዲያ። አንዴ ምንም የለበትም። አራተኛው ላይ ደግሞ ታይፎይድ ሆነ። በየጊዜው ሽሮፕ ይዤ እመለሳለሁ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ኪት እንዳለ ስትነግረኝ እፎይ አልኩ።

ገንዘብ ያዥ፦ 200 ብሩን የሚከፍል ይከፍላል። ያልከፈለውን ማን ይለምነዋል? እኔ የጥበቃውንም ገና አልጨረስኩም።

ብሎክ 12፣ ላብራቶሪ የምሠራው፦ የኔ እህት፣ ብስጭትሽ ገብቶኛል። ግን ቀስ እንበል።

ኪቱ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ሁለት መስመር የሚያወጣው ነው። እሱ የሚያውቀው የተሠራለትን ብቻ ነው። የጃርዲያው ጃርዲያን፣ የኤች ፓይሎሪው (የጨጓራ ባክቴሪያው) ኤች ፓይሎሪን። የልጁ አንጀት በወስፋት ቢሞላ እንኳ ኪቱ ዝም ይላል። እናት ደግሞ «ነጻ ነው» ብላ ትተኛለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ቀጭን ተቅማጥ ውስጥ ያለው አሜባም ሆነ ጃርዲያ የሚለየው በሕይወት እያለ፣ ሲንቀሳቀስ ነው። ከወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ካልወጣ ይሞታል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ጠንከር ያለው ሰገራ ውስጥ ያለው ግን ሽፋን ስላለው ይቆያል። አሁን ከእኛ ብሎክ ተነሱ። ሚኒባስ ተሰለፉ፣ ቃሊቲ ውረዱ፣ ካርድ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ። ናሙናው እጃችሁ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ? ያንን ናሙና የሚያየው ባለሙያ ምን ይፍጠር?

ሦስተኛ፣ ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣም። ዛሬ የለም፣ ከነገ ወዲያ አለ። በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ስጡ የሚባለው ለዚህ ነው። አሜባም ቢሆን የማያሳምም መልከ አንድ ዘመድ አለው። ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልታየ በቀር በማይክሮስኮፕ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ እንግዲያው የልጄ አንዴ አለ አንዴ የለም መባሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል?

ብሎክ 12፦ ሊሆን ይችላል። ሳላየው ነው ብዬ አልምልም።

ብሎክ 3፣ ምድር ቤት (የዕድሩ ዳኛ)፦ ልጆች፣ እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጣን ነው ያደግነው። እንቆቆም መተሬም ነበር። ኪትም ላብራቶሪም አልነበረም። አሁን ባህል ሁሉ ኋላቀር ተባለ። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ምን አዩ? ሰው በእንዶድ ልብስ ያጠበበት ወንዝ፣ ከታች በኩል የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊው ቀንድ አውጣ ሞቶ። ባህሉ ነው መንገዱን ያሳያቸው።

ብሎክ 12፦ ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን እሳቸው አይተው ዝም አላሉም፤ ላብራቶሪ ወስደው ፈተኑት። ኮሶም ይሠራል፤ ችግሩ መጠኑ በግምት ነው፣ ለልጅ ደግሞ ይከብዳል። ደግሞ ኮሶ የሚያወርደው ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ረጅሙን ትል ነው። ጃርዲያን አይነካውም።

ብሎክ 3፦ ቁርጥ እንዳንበላ ልትለኝ ነው?

ብሎክ 12፦ እርስዎን ማን ደፍሮ? ብቻ የውስጥ ልብስ ላይ እንደ ዱባ ፍሬ ጠፍጣፋ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ካዩ ይንገሩን። እሱ ያለ ኪት ይታወቃል።

ብሎክ 7፣ አራተኛ ፎቅ፦ የኔ ልጅ ማታ ማታ መቀመጫውን ያሳክከዋል። ጥርሱንም ያፋጫል። አያቱ ከረሜላ አብዝቶ ነው ትላለች።

ብሎክ 12፦ ከረሜላ ትል አያመጣም፤ ጥርስ ማፋጨትም ብቻውን የትል ምልክት አይደለም። የሌሊት ማሳከኩ ግን ይጠረጠራል። ክር የመሰሉ ትንንሽ ነጭ ትሎች ሌሊት ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ሰገራ ምርመራ ላይ ብዙ ጊዜ አይታዩም። ለዚህ በእውነት ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ። ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ፣ ሽንት ቤትም ሳይሄድ፣ ግልጽ ስኮች ፊንጢጣው ዙሪያ ጫን አድርገሽ አንሺ። የደብተር መለጠፊያው ይበቃል። እሱን መስታወት ላይ ለጥፈን እናየዋለን። ጥፍሩን አሳጥሪለት፣ አንሶላውንም በሙቅ ውኃ እጠቢ።

ብሎክ 7፣ አራተኛ ፎቅ፦ ኪታችን ስኮች ሆኖ ቀረ ማለት ነው 😂

ብሎክ 14፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ይሰጡ የለ? ይህ ሁሉ ለምን?

ብሎክ 12፦ እሱ እንደ አልቤንዳዞል ያለ የትል መድኃኒት ነው። አንድ ፍሬ 400 ሚሊግራም ለወስፋት ጥሩ ነው። ለአሜባ አይሆንም። ጃርዲያም በአንድ ፍሬ አይለቅም። ሳይመረመሩ ሜትሮኒዳዞል (የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት) ከፋርማሲ መግዛትም ይቅር፤ ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት የተዋጠ መድኃኒት ውጤቱን ይደብቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ እና ምን ይደረግ? መፍትሔውን ንገሩኝ፣ ወስፋቴ እየጮኸ ነው።

ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ ኪቱን ትቼዋለሁ። ሰገራው ቃሊቲ ድረስ ከሚሄድ ማይክሮስኮፑ ወደ እኛ ይምጣ። ጤና ጣቢያው አንድ ቅዳሜ ባለሙያና ማይክሮስኮፕ ይላክልን ብለን በደብዳቤ እንጠይቅ። ዕድር አዳራሹ ባዶ ነው።

ብሎክ 14፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ መብራት ቢጠፋስ?

ብሎክ 12፦ ያለ መብራት፣ ብርሃን በመስታወት እየመለሰ የሚሠራ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ካላቸው በመስኮት ብርሃን ያያሉ። በደብዳቤው ላይ እሱንም ጠይቁ። አንድ ቅዳሜ ግን አይበቃም፣ ሦስት ይሁን። ናሙናው የባቄላ ፍሬ ያህል፣ ሽንትና ውኃ ያልነካው። እቃ ይሰጣችኋል። እባካችሁ እንደ ድሮው በክብሪት ቀፎ እንዳታመጡ።

ብሎክ 5፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ ሁላችሁም ስለ ሰገራ ታወራላችሁ። ሮቶውን ያየ አለ? ትናንት ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ከታች ጭቃ፣ ላዩ ላይ የርግብ ላባ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሳምንት ሙሉ ያንን ነው የምንጠጣው። ተመርምረን፣ መድኃኒት ውጠን፣ ተመልሰን ያንኑ ልንጠጣ?

ብሎክ 12፦ ይሄ በደማቁ ይጻፍ። እስኪታጠብ አፍልታችሁ ጠጡ። የከተማችን ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ክሎሪን ለባክቴሪያ ጥሩ ነው፤ ጃርዲያ ግን ይቋቋመዋል። ሰላጣንም በኮምጣጤ መንከር የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። በአቃቂ ወንዝ የለማ ቆስጣና ጎመን ከሆነ በስሎ ይበላ።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁን ቀየርኩት፦ «ጤና ጣቢያው ለሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች የላብራቶሪ ባለሙያና ማይክሮስኮፕ ወደ ዕድር አዳራሹ እንዲልክልን እንጠይቃለን። የውጤቱ ወረቀት ለየቤተሰቡ በእጅ ይሰጥ፤ እዚህ ቡድን ውስጥ አይለጠፍ። ማኅበሩ በበኩሉ የናሙና እቃ ይገዛል፣ በእያንዳንዱ ብሎክ ያለውን ሮቶም ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ያጥባል። መዋጮ በቤት 60 ብር።»

ገንዘብ ያዥ፦ 60 ብር ይሻላል። ሰው አያኮርፍም።

ብሎክ 3፦ ተስማምቻለሁ። እኔም ናሙና እሰጣለሁ። ለባለቤቴ እንዳትነግሩ።

ብሎክ 5፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ እሺ። የብሎክ 5 ጣሪያ ቁልፍ ግን ማን ጋ ነው? እኔ በጎረቤት መሰላል ነው የወጣሁት።